ለመብራት አልባው ሞተር ጥብቅና

እትዬ የደወለችልኝ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ከእንግሊዝ አገር፣ ከማንችስተር። በዚያን ሰዓት ከውጭ አገር ስልክ ሲጮህ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ምን እንደሆነ እናንተም ታውቁታላችሁ። ሥነ ጽሑፍ በማስተምርበት ዘመን ለተማሪዎቼ ደጋግሜ የምነግራቸው ነገር ነበር፤ በግሪኮች ትራጄዲ ውስጥ ሞት ብዙውን ጊዜ መድረክ ላይ አይታይም፤ መልእክተኛ ከውጭ እየሮጠ ይመጣና ይናገራል። የኛ ዘመን መልእክተኛ የሌሊት ስልክ ነው። ጋቢዬን እንኳ ሳልደርብ ነው የተነሣሁት።

«ይሄ ልጅ አብዷል!» አለችኝ። «እንዴት አመሸህ» የለ፣ «ቤተሰቡ ደኅና ነው ወይ» የለ።

«ምን ሆነ?»

«ሞተር ገዛ!»

«እትዬ፣ እሱ እኮ ሞተር መንዳት ከጀመረ ስድስት ዓመቱ ነው።»

«ያንንማ ሸጠው! ሸጦ ሌላ ገዛ። አሁን የገዛው መብራት የለውም!»

«እንዴት ነው መብራት የለውም?»

«የለውማ! ከፊት የለው፣ ከኋላ የለው። ስፔኪዮ የለው፣ ፍሬቻ የለው፣ ታርጋ የለው። ያኛው እኮ ቢያንስ መንግሥት የፈቀደው ነበር! እስቲ አንተ የተማርክ ነህ፣ ንገረው። እኔን አልሰማ ብሏል።»

እነግረዋለሁ ብዬ ቃል ገባሁላት። መቼም ለሞተር ብስክሌት ፍቅር ኖሮኝ አያውቅም። ሁለት ጎማ ላይ ተቀምጦ ነፋስን መጋፋት ለእኔ የጉብዝና ምልክት ሆኖ አያውቅም። ስለዚህ በማግስቱ ለእህቴ ልጅ ስደውል ተግሣጼን ቅደም ተከተል አስይዤ፣ እንደ ድሮው የክፍል ማስታወሻዬ በነጥብ በነጥብ ከፋፍዬ ነበር። ልጁ ዝም ብሎ ሰማኝ። ሲያበቃ በዚያ በተሰባበረ አማርኛው (አንቱታ አንዳንዴ ይጠፋዋል) እንዲህ አለኝ፦

«ጋሼ፣ መብራት የሌለው'ኮ መንገድ ላይ ስለማይወጣ ነው። እርስዎ መጥተህ እየው።»

ሄጄ አየሁት። ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁትም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ከታላቅ እህቴ ጋር ለመጣላት ነው። ልጁ አላበደም። እብደትማ ቢባል እብደቱ መብራት ያለውን ሞተር ታርጋ ለጥፎ ከሸጠለት ዓለም ዘንድ ነው። ይህንን አስረዳለሁ።

*

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ ልነሣ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።)

«ሱፐርስፖርት» የሚባለው ሞተር መጀመሪያውኑ ለመንገድ ታስቦ የተወለደ አይደለም። የሞተር ነጋዴዎች አንድ የቆየ አባባል አላቸው፤ እሑድ አሸንፍ፣ ሰኞ ሽጥ ይላሉ። እሑድ በውድድር ሜዳ ላይ አንደኛ የወጣውን ሞተር የሚመስል ነገር ሰኞ ጠዋት ሱቅ መስኮት ላይ ታቆማለህ፤ ጎረምሳው ገንዘቡን ይዞ ይመጣል። በ1985 ሱዙኪ ጂ.ኤስ.ኤክስ.አር 750 የተባለውን ለገበያ ሲያወጣ ነገሩ ፊት ለፊት ታየ። የውድድር ሞተር ቁርጥ እሱን ነው፤ ልዩነቱ ከፊቱ ሁለት ክብ መብራት ተተክሎለት፣ ከኋላው ታርጋ ተሰቅሎለት መገኘቱ ነው። ከዚያ ሁሉም ተከተለ። ያማሃ አር 1ን በ1998፣ ታናሽ ወንድሙን አር 6ን በ1999 አወጣ። በዚያው በ1999 የሱፐርስፖርት ውድድር የዓለም ሻምፒዮና ተብሎ ማዕረግ አገኘ።

ልብ በሉ! እነዚህ ሞተሮች ነጂውን እንደ ፈረስ አያስቀምጡትም። ደረቱን ከነዳጅ ጋኑ ላይ ያስተኙታል፣ ጉልበቱን ወደ ኋላ ያጥፉታል፣ ክንዱን ወደ ታች ይጎትቱታል። ከተማ ውስጥ አሥር ደቂቃ ብትነዳው አንጓህ ይዝላል፣ አንገትህ ይቆለመማል። የሚመቸው መቼ ነው ቢሉ፣ ነፋሱ ደረትህን ደግፎ ሲያነሣህ ነው። ነፋስ ደግሞ ደረት የሚያነሣው በስንት ፍጥነት እንደሆነ አስቡት። መሣሪያው ራሱ «ፍጠን፣ ስትፈጥን ያርፍሃል» ይላል ማለት ነው። እንዲህ ያለ መካሪ ለሃያ ዓመት ልጅ!

ስለ ማርሹም ልንገራችሁ። ልጃችን የሸጠው ባለ 1000 ሲሲ ስድስት ማርሽ አለው። አንደኛው ማርሽ ብቻውን በሰዓት ከመቶ ኪሎሜትር በላይ ይወስዳል። የእንግሊዝ አገር ትልቁ አውራ ጎዳና የፍጥነት ጣሪያ 70 ማይል ነው፤ 112 ኪሎሜትር ገደማ መሆኑ ነው። እንግዲህ እኔ የሒሳብ ሰው አይደለሁም፤ ግን የቀሩት ማርሾች ለየትኛው መንገድ እንደተሠሩ የሚነግረኝ ሰው እፈልጋለሁ።

አምራቾቹ ይህን አያውቁም እንዳትሉ። በ1999 ሱዙኪ «ሃያቡሳ» የተባለውን ሞተር አወጣና በሰዓት ከ300 ኪሎሜትር አለፈ። አውሮፓ ውስጥ ማጉረምረም ተጀመረ፤ ሕግ ሊመጣ ነው ተባለ። አምራቾቹ ሕጉ ሳይደርስባቸው እርስ በርሳቸው በቃል ተስማሙ፤ ከእንግዲህ የመንገድ ሞተሮቻችን ከ299 ኪሎሜትር አያልፉም አሉ። ሁለት መቶ ዘጠና ዘጠኝ! ይህ ነው እንግዲህ የተቆጠበልን። ጨዋነት ማለት ከ300 አንድ መቀነስ ነው።

በ2006 ደግሞ የአር 6 የዙር መቁጠሪያ ራሱ ዋሽቶ ተገኘ። ሞተሩ በደቂቃ እስከ 17,500 ዙር ይሽከረከራል ተብሎ ማስታወቂያ ተነገረ፤ ኋላ ኩባንያው መርፌው ከእውነቱ ከሺህ ዙር በላይ አስበልጦ እንደሚያሳይ አመነ፤ አሜሪካ ውስጥም ቅር ላለው ገዢ ሞተሩን መልሼ እገዛለሁ አለ። ገንዘብ መመለሱ ደግ ነው። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። መንገድ ላይ ለሚነዳ ሰው 16,000ም ሆነ 17,500 ምን ይፈይድለታል? አይፈይድለትም። የተሸጠለት ቁጥሩ ነው፤ የገዛውም ቁጥሩን ነው።

*

አሁን ወደ ሕጉ እንምጣ፤ ትልቁ ቀልድ እዚህ ነው።

አር 6 ዛሬ አውሮፓ ውስጥ በአዲስነቱ የመንገድ ሞተር ሆኖ አይሸጥም። ከ2021 ጀምሮ የሚሸጠው ለመወዳደሪያ ሜዳ ብቻ ተብሎ፣ ያለ መብራት፣ ያለ ስፔኪዮ፣ ያለ ታርጋ ማሰሪያ ነው። ትልቁ አር 1ም በአውሮፓ ኅብረት አገሮች በ2025 ተከትሎታል። ይህን ስሰማ እኔ የዋሁ «እሰይ! በመጨረሻ መንግሥታት ነቁ፤ እንዲህ ያለ ነገር ከእናቶችና ከሕፃናት ጋር አንድ መንገድ ላይ መዋል እንደሌለበት ገባቸው» ብዬ ነበር።

ምን ይገባቸዋል! ከመንገድ ያስወጣው ጭሱ ነው። «ዩሮ 5» የሚባለው የአየር ብክለት ደንብ መጣ፤ በከፍተኛ ዙር የሚጮኸውን ትንሽ ሞተር ለዚያ ደንብ እንዲስማማ አድርጎ እንደገና መሥራት ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፤ የስድስት መቶ ሲሲ ገበያ ደግሞ ቀዝቅዟል። ኩባንያው አሰበ፣ አወጣ፣ አወረደ፤ አዋጭ አይደለም አለና መብራቱን ነቅሎ ወደ ሜዳ ሰደደው። በቃ።

ውጤቱን ተመልከቱት። አር 6 ጉልበቱ 120 የፈረስ ጉልበት አይሞላም። እሱ ታጥሮ ሜዳ ውስጥ ገባ። የዱካቲው ፓኒጋሌ ቪ 4 ከ200 የፈረስ ጉልበት በላይ አለው፤ ማርሚታው ግን ንጹሕ ነውና መብራቱን አብርቶ፣ ታርጋውን ሰቅሎ፣ ቦሎውን ከፍሎ ዳቦ ለመግዛት መውጣት ይችላል። ደካማው ታሰረ፣ ብርቱው ተለቀቀ። ሕጉ የሞተሩን ጅራት አሸተተ እንጂ ዓይኑን አላየም።

እህቴ ያለችውን አስታውሱልኝ። «ያኛው እኮ ቢያንስ መንግሥት የፈቀደው ነበር!» አዎ፣ ፈቅዶታል። ሳንባችንን ለክቶ ፈቅዶታል። አንገታችንን የለካ ግን የለም። ታርጋ የደኅንነት ምስክር ወረቀት የሚመስለን ብዙ ነን፤ ታርጋ ግን ሰውየው ሲገድል ማን እንደሆነ የምናውቅበት ቁጥር ነው።

*

ልጁ መብራት ያለውን ለምን ሸጠ? ይህንን ለእናቱ አልነገራትም። ለእኔ የነገረኝ ማንችስተር በሄድኩ በሦስተኛው ቀን ነው። «ጋሼ፣ አንተ ንገራት» ብሎኛል፤ ስለዚህ ምስጢር አላወጣሁም።

ከማንችስተር በስተደቡብ፣ ከማክልስፊልድ ወደ በክስተን በተራራ ላይ ተጠማዝሞ የሚሄድ መንገድ አለ። «ድመቷና ፊድሉ» ይሉታል፤ ዳገቱ ላይ ባለ የድሮ መጠጥ ቤት ስም የተሰየመ ነው። የአገሩ ሞተረኛ ሁሉ ይወደዋል። በእንግሊዝ አገር አደገኛ መንገዶች ዝርዝር ውስጥ ስሙ ሳይነሣ አይቀርም። ልጃችን እሑድ እሑድ ጠዋት፣ እናቱ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ፣ እሱ ወደዚያ ይሄድ ነበር። አንድ እሑድ ከኩርባ ሲወጣ የውሻዋን ማሰሪያ የያዘች አሮጊት መንገዱ መሀል ደርሳለች። በስንት ኪሎሜትር ትሄድ ነበር ብዬ ጠየቅሁት። አልመለሰልኝም።

«በስንዝር ነው ያለፍኳት» አለኝ። «ውሻው ጮኸ። እሷ ግን ምንም አላለችም። ቆማ አየችኝ። ጋሼ፣ እማዬን ነው የምትመስለው።»

ቆሞ ይቅርታ ለመጠየቅ እንኳ እጁ ስለተንቀጠቀጠ አልቻለም። ሞተሩን ቤት አድርሶ ሸፈነው። በወሩ ሸጠው።

በብሪታንያ ሞተረኞች ከመንገዱ ትራፊክ አንድ በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው፤ በመንገድ አደጋ ከሚሞተው ሰው ውስጥ ግን ከአምስቱ አንዱ ገደማ ሞተረኛ ነው። እናቱ የምትፈራው ይህንን ሞት ነው፤ ትክክል ናት። እሱን ያስፈራው ግን በዚያ ቁጥር ውስጥ ያልገባችው አሮጊት ናት። እኔም ልጁን ያከበርኩት ያን ጊዜ ነው።

ፍጥነትን ግን አልጠላም። ጠላሁ ቢለኝ ውሸቱን ነበር። ስለዚህ ስድስት ዓመት ሙሉ ሲያደርግ የኖረው ነገር ትክክለኛ ቦታው የት እንደሆነ ፈለገ። ያገለገለ፣ ሰውነቱ በፋይበር የተለበጠ፣ መብራት አልባ አር 6 ገዛ። እናቱን ያስለቀሳት ይኸው ነው።

*

በሐምሌ 2025 (በእነሱ በጋ ነው) ኦልተን ፓርክ ወደሚባለው መወዳደሪያ ሜዳ ወሰደኝ። ሞተሩን የጫነው በቫን ላይ ነው። ታርጋ የለውማ፣ እንዴት በመንገድ ይሄዳል? ቫኑንም እንደ ቄስ በቅሎ ቀስ አድርጎ ነው የነዳው።

ውድድር አይደለም፤ ማንም ገንዘብ ከፍሎ ሞተሩን የሚነዳበት የልምምድ ቀን ነው። ቧንቧ ሠራተኛ አየሁ፣ ነርስ አየሁ፣ ከእኔ የሚበልጡ ሽማግሌ አየሁ። ለውድድር የሚዘጋጁ ባለሙያዎችም ከመሀላቸው ነበሩ። ጠዋት መጀመሪያ የሞተሩ ድምፅ ተለካ፤ የጮኸ ይመለሳል። ከዚያ ሁሉም ክፍል ውስጥ ገብቶ እንደ ተማሪ ተቀመጠ። ቢጫ ባንዲራ ሲውለበለብ ምን ማለት ነው፣ ቀይ ሲሆን ምን ታደርጋለህ፣ ሰውን በየት በኩል ታልፋለህ… ሃያ ዓመት ሙሉ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ እንደዚያ ጸጥ ብሎ የሚያዳምጥ ክፍል ገጥሞኝ አያውቅም። ነጂዎቹም በሦስት ተከፈሉ፤ ጀማሪ፣ መካከለኛ፣ ፈጣን። እያንዳንዱ ቡድን ሃያ ደቂቃ ያህል ይነዳና ይወጣል። ሰዓት የሚይዝ የለም።

እኔን የመሰጠኝ ግን የሞተሩ አዘገጃጀት ነው። ጎማዎቹ እስኪሞቁ ድረስ በኤሌክትሪክ ብርድ ልብስ ተጠቅልለዋል፤ ቀዝቃዛ ጎማ ያንሸራትታልና። የዘይት ማፍሰሻው ቡሎን በሽቦ ታስሯል፤ ቢላላ እንኳ እንዳይወልቅ። ከሆዱ ሥር ዘይት ቢያንጠባጥብ የሚያቁር ገንዳ አለው። ራዲያተሩ ውስጥ ያለው ንጹሕ ውሃ ነው፤ ሌላው ማቀዝቀዣ ከፈሰሰ ከኋላ የሚመጣውን ይጥላልና። ልብ በሉ፣ «ከኋላ የሚመጣውን»! ልጁ የለበሰው የቆዳ ልብስ ውስጥ ሲወድቅ የሚነፋ የአየር ከረጢት አለ። ከኩርባው ውጭ አንሸራታቹን የሚይዝ የጠጠር ሜዳ ተዘርግቷል። አምቡላንስ ሞተሩን አሙቆ ቆሟል።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ። እዚያ ሁሉም ነገር የተዘጋጀው ሰው እንደሚወድቅ ታምኖ ነው። መንገድ ግን የተሠራው ማንም እንደማይወድቅ ታምኖ ነው። መንገዱ ዳር አጥር አለ፣ የስልክ እንጨት አለ፣ የድንጋይ ካብ አለ፣ አሮጊትና ውሻዋ አሉ።

የኛስ አባቶች ይህንን መቼ አጡት? ጉግስ የሚጫወተው ጃንሜዳ ነው። ፈረሱም፣ ጦሩም፣ ጉብዝናውም እዚያ ይታያል፤ ተመልካቹም ዳር ቆሞ ያጨበጭባል። ጉግስ ካማረኝ ብሎ ገበያ መሀል ፈረሱን የሚያስጋልብ ቢገኝ ጀግና አይባልም፤ ዕብድ ነው ተብሎ ይታሰር ነበር። ፍጥነትን ማንም አልከለከለም፤ ሜዳ ሰጡት እንጂ።

*

አሁን የሚመጡብኝን ሰዎች አውቃቸዋለሁ። ተራ በተራ ላስተናግዳቸው።

የመጀመሪያው «ሜዳውስ አይገድልም ወይ?» ይለኛል። ይገድላል። እኔ በቆምኩበት በዚያው በኦልተን ፓርክ፣ እኔ ከመሄዴ ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ ግንቦት 5 ቀን 2025፣ የብሪታንያ ሱፐርስፖርት ውድድር እንደተጀመረ በመጀመሪያው ኩርባ ላይ አሥራ አንድ ነጂዎች ተጋጭተው የ21 እና የ29 ዓመት ወጣቶች ሞተዋል። ያንን ኩርባ አይቼዋለሁ፤ ሣሩ አረንጓዴ ነው፣ ምንም አይመስልም። ይህንን ደብቄ የምከራከር ሰው አይደለሁም። ግን ሁለት ነገር እላለሁ። አንደኛ፣ እዚያ የገባ ሁሉ ፈርሞ የገባ ነው፤ አሮጊቷ ግን የፈረመችው ነገር የለም። ሁለተኛ፣ ሜዳው ከሞት ይማራል። የጃፓኑ ዳይጂሮ ካቶ በ2003 ሱዙካ ላይ ተጋጭቶ ከሞተ በኋላ ትልቁ የዓለም ሻምፒዮና ወደዚያ ሜዳ አልተመለሰም። ያ ሻምፒዮና ከ2018 ጀምሮ የአየር ከረጢት የሌለው ልብስ ለብሶ መወዳደርን ከልክሏል። መንገድን ሜዳ ማድረግ ምን እንደሚያመጣ ማየት የፈለገ ደግሞ የማን ደሴትን ይመልከት። 60 ኪሎሜትር በሚሆን የሕዝብ መንገድ ላይ፣ በቤትና በግንብ መሀል ይወዳደራሉ፤ ከ1911 ጀምሮ ከ260 በላይ ነጂዎች ሞተውበታል።

ሁለተኛው «ይሄ የሀብታም መጫወቻ ነው» ይለኛል። ከፊሉ እውነት ነው። ቢ.ኤም.ደብልዩ በ2017 ኤች.ፒ 4 ሬስ የሚባል 750 ብቻ የተሠራ፣ አጽሙ ከካርቦን የሆነ የሜዳ ሞተር አወጣ፤ ሞተሩ 5,000 ኪሎሜትር ሲሞላ ይቀየራል። ኬ.ቲ.ኤም በ2021 መቶ አር.ሲ 8ሲ ሠርቶ ለሽያጭ ቢያቀርብ ከአምስት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ አለቀ። እንዲህ ያለውን ገዝቶ ሳሎን ውስጥ የሚያቆም አለ፤ ለእሱ ጥብቅና አልቆምም። ግን ሜዳ ላይ ያየኋቸው አብዛኞቹ ያገለገለ የመንገድ ሞተር ገዝተው፣ መብራቱንና ስፔኪዮውን በገዛ እጃቸው ነቅለው፣ በቅዳሜ ትርፍ ሰዓት የሠሩ ሰዎች ናቸው። አንድን ሞተር ከመንገድ ላይ አንሥቶ ሜዳ ማስገባት እንደ ቅንጦት አይታየኝም።

ሦስተኛው ነገር የሚያውቅ ነው። «ጉልበት አይገድልም፣ ነጂው ነው የሚገድል» ይለኛል። ፈረንሳይ እስከ 2016 ድረስ የሞተርን ጉልበት በመቶ የፈረስ ጉልበት አካባቢ ገድባ ኖራ፣ በኋላ አንሥታዋለች ብሎም ያስረዳኛል። ይሁን። እኔ የፈረስ ቁጥር አልቆጥርም። ጥያቄዬ ዕቃው የተሠራው ለምን ሥራ ነው የሚል ነው። ከ2017 እስከ 2022 ስድስት ዓመት በተከታታይ የሱፐርስፖርት የዓለም ሻምፒዮናን ያሸነፉት ነጂዎች የነዱት አር 6 ነው። ከእነዚህ ውስጥ ሁለቱን ዓመት ያሸነፈው አውሮፓ ውስጥ ከመንገድ ገበያ ከወጣ በኋላ ነው። መብራቱ ቢወልቅም ምንም አልጎደለበትም። እንዲያውም ዋናው ሥራው ይህ እንደነበረ ታወቀ።

አራተኛው ወገን አምራቹ ነው፤ ከእሱ ጋር ግን ጠቤ ነው። «ለዝግ ሜዳ ብቻ» የሚለውን ጽሑፍ ለጥፎ እንደ ጲላጦስ እጁን መታጠብ አይበቃም። ከ300 የፈረስ ጉልበት በላይ ያለው የካዋሳኪ ኤች 2 አር ለመንገድ የማይፈቀድ የሜዳ ሞተር ነው። ዓለም ሁሉ ያወቀው ግን የት ነው? ድልድይ ላይ! ሰኔ 30 ቀን 2016 ቱርካዊው ሻምፒዮን ኬናን ሶፉኦሉ አዲሱ የኦስማን ጋዚ ድልድይ ለእሱ ብቻ ተዘግቶለት በ26 ሰከንድ 400 ኪሎሜትር በሰዓት ደረሰ። ድልድዩ ባዶ ነበር፤ አውቃለሁ። ነጂውም የዓለም ሻምፒዮን ነው። ፊልሙን ያየው የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ግን ያየው መንገድ ነው። የሜዳ ዕቃ መንገድ ላይ አሳይቶ፣ «መንገድ ላይ እንዳትነዳ» ብሎ መጻፍ ምን ይባላል?

አንድ ነገር ደግሞ ከራሴ ወገን ጋር ያጣላኛል። ሜዳውን የምደግፈው ፈርሞ ለገባ አዋቂ ነው። በ2021 ብቻ፣ በአንድ የውድድር ዘመን፣ በትልልቆቹ የአውሮፓ ሜዳዎች ላይ የ14፣ የ15 እና የ19 ዓመት ነጂዎች ሞተዋል። ከዚያ በኋላ ለዓለም ሻምፒዮናዎቹ የዕድሜው ወለል ከ2023 ጀምሮ 18 እንዲሆን ተወሰነ። ከዚያ በታች ባሉ ውድድሮች ግን ዛሬም ከ18 በታች ያሉ ልጆች ይወዳደራሉ። የ14 ዓመት ልጅ ፊርማ ፊርማ አይደለም። ያ የአባቱ ፊርማ ነው።

*

እንግዲህ የምለው ይህ ነው። ለውድድር የተሠራ ሞተር ቦታው ሜዳ ነው። አውሮፓ ይህንን በጭስ ሰበብ፣ በገበያ ሰበብ፣ ሳታስበው ግማሹን ሠርታዋለች። አስባበት ትጨርሰው። መብራትና ታርጋ ለውድድር ዕቃ የሚሰጥ የይለፍ ወረቀት መሆኑ ይቅር። አምራቹም መብራቱን የነቀለውን ሞተር ሲሸጥ የሜዳ ሥልጠናውን አብሮ ይሽጥ።

«የሰው አገር ሞተር አንተን ምን አገባህ?» የሚለኝ አንባቢ አይጠፋም። ልጆቻችን እኮ እዚያ ናቸው! ማንችስተር፣ ፍራንክፈርት፣ ዋሽንግተን… የሌሊቱ ስልክ የሚጮኸው እዚህ ነው። ለእናቶቻቸውም የምመክረው አንድ ነው። «ለምን ገዛህ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ መልስ አታገኙም። «የት ነው የምትነዳው?» በሉ።

ይህንን ጽሑፍ ጋዜጣው ከመውጣቱ በፊት ለእትዬ በስልክ አነበብኩላት። የአሮጊቷ ታሪክ ላይ ስደርስ ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «አለሽ?» አልኳት።

«አለሁ» አለች። ከዚያ ድምፅዋ ቀነስ ብሎ፣ «ያቺ ሴትዮ ግን ምንም አልሆነችም?»

«ምንም አልሆነችም።»

«ተመስገን።» ረጅም ጊዜ ቆየች። «እሺ፣ ገብቶኛል። ሜዳው ይሻላል።»

አሸነፍኩ ብዬ ስልኩን ልዘጋ ስል፣

«ስማኝማ» አለች፤ «ለነገሩ አንዲት ትንሽ መብራት ብትኖረው ግን ምን ነበረበት?»